የወይኑ ቦታ ምሳሌ ለማን ተነገረ? «የተናቁት መልእክተኞች» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የተናቁት መልእክተኞች» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከብዙ አቅጣጫ ደረሰኝ። ገሚሱ ሰው «አሜን» ብሎ ነው የላከልኝ። ገሚሱ ደግሞ «እውነት ምሳሌው እንዲህ ነው የሚለው?» እያለ። ጽሑፉ የሚያብራራው ጌታ በሕማማት ሳምንት የተናገረውን የወይን ቦታና የክፉ ገበሬዎች ምሳሌ ነው። ጸሐፊው ሰባኪ ናቸው። አማርኛቸው ያማረ ነው፤ ለአገልግሎት ያላቸው ቅናትም ከመስመሮቹ ይታያል። ስማቸውን የማላነሳው ክርክሬ ከተጻፈው ጋር እንጂ ከእሳቸው ጋር ስላልሆነ ነው። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ጽሑፉ ለመሪዎች የተነገረውን ተግሣጽ ወስዶ የመሪዎች ጋሻ አድርጎታል።

ምሳሌው በማቴዎስ 21፣ በማርቆስ 12 እና በሉቃስ 20 ይገኛል። አንድ ባለቤት ወይን ተከለ። ዙሪያውን አጠረ፣ መጥመቂያ ቆፈረ፣ ግንብ ሠራ። ከዚያ ለገበሬዎች አከራይቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ፍሬ ሲደርስ ድርሻውን እንዲቀበሉለት ባሪያዎቹን ላከ። ገበሬዎቹ አንዱን ደበደቡ፣ አንዱን ገደሉ፣ አንዱን በድንጋይ ወገሩ። ሌሎች ላከ፤ በእነሱም ላይ እንዲሁ አደረጉ። በመጨረሻ «ልጄንስ ያፍሩታል» ብሎ ልጁን ላከ። እነሱ ግን «ወራሹ ይህ ነው፤ ኑ እንግደለው፤ ርስቱንም እናግኝ» ተባባሉ። አውጥተው ገደሉት።

ጸሐፊው ከዚህ ታሪክ አምስት ነገር ያወጣሉ። ወይኑ ከአይሁድ ሕዝብ ተወስዶ ለእኛ ተሰጥቷል፤ በተለይም ለኢትዮጵያ፤ እግዚአብሔር ከእስራኤል ጋር ጨርሷል ይላሉ። ቀጥለው፣ በምሳሌው ያሉት ባሪያዎች የዛሬዎቹ የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው፤ እነሱን የሚተች ከገዳዮቹ ገበሬዎች ጋር ይቆማል ይላሉ። ሦስተኛው ሐሳብ፣ መናቅና መሰደድ ራሱ የመላክ ማስረጃ ነው የሚል ነው። አራተኛው፣ ገበሬዎቹ የከለከሉት ፍሬ ዛሬ አሥራትና መባ ነው። በመጨረሻም ባለቤቱ ገበሬዎቹን እንዳጠፋ ሁሉ አገልጋዮችን የሚቃወሙ ሰዎችም እሳት ይጠብቃቸዋል ብለው ይዘጋሉ። ሐሳባቸውን ሳላዛባ ያስቀመጥኩ ይመስለኛል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ምሳሌው የት ተነገረ? በኢየሩሳሌም፣ በቤተ መቅደሱ ግቢ። ለምን ተነገረ? ጌታ የለዋጮችን ገበታ ገልብጦ ነበር። የካህናት አለቆችና ሽማግሌዎች መጥተው «በምን ሥልጣን ይህን ታደርጋለህ?» አሉት። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞን የጥያቄ ቀን የምንለው በዚህ ነው። ምሳሌው የዚያ ጥያቄ መልስ አካል ነው። ጠያቂዎቹ ደግሞ ቤተ መቅደሱን የያዙት ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊው ከማቴዎስ 21 ቁጥር 43ን ጠቅሰው ያቆማሉ፤ «የእግዚአብሔር መንግሥት ከእናንተ ትወሰዳለች» የሚለውን። ሁለት ቁጥር ወረድ ቢሉ ኖሮ «እናንተ» ማን እንደሆነ ማቴዎስ ራሱ ይነግራቸው ነበር። «የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያንም ምሳሌዎቹን ሰምተው ስለ እነርሱ እንደ ተናገረ አስተዋሉ።» ቁጥር 46 ደግሞ የባሰ ነው። ሊይዙት ፈለጉ፤ ግን ሕዝቡን ፈሩ። ሕዝቡ እንደ ነቢይ ያየው ነበርና። ይህ ሕዝብ ማን ነው? ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው የአይሁድ ሕዝብ ነው። በዚያች ሰዓት ልጁን ከገበሬዎቹ እጅ የጠበቀው እሱ ነው። ታዲያ ምሳሌው በዚህ ሕዝብ ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው ማለት እንዴት ይሆናል?

ሌላም አለ። ጌታ የወይኑን ቦታ ሥዕል ከኢሳይያስ 5 ነው የወሰደው። አጥሩ፣ ግንቡ፣ መጥመቂያው ሁሉ ከዚያ ነው። በኢሳይያስ መዝሙር ጥፋቱ የወይኑ ነው። መልካም ፍሬ ሲጠበቅበት ሆምጣጣ አፈራ፤ አጥሩ ተነቀለ፣ ቦታው ባድማ ሆነ። በጌታ ምሳሌ ውስጥ ግን ወይኑ ላይ አንድም ክፉ ቃል አልተነገረም። ወይኑ አፍርቷል። ችግሩ ፍሬውን የያዙት ሰዎች ናቸው። ባለቤቱም ወይኑን አይነቅልም፤ የሚለውጠው ገበሬዎቹን ነው። ኢሳይያስ «የእስራኤል ቤት የእግዚአብሔር ወይን ቦታ ነው» ስላለ፣ ወይኑን ከእስራኤል ነጠቀ ስንል እስራኤልን ከእስራኤል ነጠቀ ማለታችን ነው። ትርጉም አይሰጥም። እዚያው ኢሳይያስ፣ ምዕራፍ 3 ቁጥር 14 ላይ፣ እግዚአብሔር ከሕዝቡ ሽማግሌዎችና አለቆች ጋር ይፋረዳል። የወይኑን ቦታ የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ ከድሆች የቀማችሁት በቤታችሁ ነው ይላቸዋል። የጌታ ምሳሌ መንፈስ ይኸው ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍ የሄሮድስን ቤተ መቅደስ ሲገልጽ፣ ከመግቢያው በላይ የወርቅ ወይን እንደነበረ ጽፏል። ዘለላዎቹ የሰው ቁመት ያህሉ ነበር ይላል። የካህናት አለቆቹ በዚያ ወይን ሥር ነበር የሚገቡትና የሚወጡት። ስለ ወይን ቦታ ጠባቂዎች ሲነገር ወዲያው የገባቸው አለምክንያት አይደለም።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነው የተረዳው። ጌታ ምሳሌውን ሲጨርስ ግንበኞች ስለናቁት ድንጋይ የሚናገረውን መዝሙር ጠቅሶ ነበር፤ መዝሙር 117፣ በሌላው አቆጣጠር 118። በሐዋርያት ሥራ 4 ጴጥሮስ ያንኑ ጥቅስ ያነሳል። በማን ፊት? በሐናና በቀያፋ፣ በአለቆቹ ሸንጎ ፊት። «እናንተ ግንበኞች የናቃችሁት» አላቸው። ሕዝቡን ግንበኛ አላለም። በዚያም ቀን አለቆቹ ሐዋርያትን መቅጣት ያልቻሉት ሕዝቡን ፈርተው ነው። ወይኑን የተረከቡት አዲሶቹ ገበሬዎች፣ ሐዋርያት፣ አንድ ሳይቀሩ አይሁድ ነበሩ።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ዮሐንስ አፈወርቅን ጨምሮ ብዙ አበው በዚህ ምሳሌ ውስጥ የአሕዛብን መጠራት አይተዋል። እኔም አልክደውም። ማቴዎስ «ፍሬዋንም ለሚያደርግ ሕዝብ ትሰጣለች» ሲል በሩ ለእኛም ተከፍቷል። ግን የእኛ መግባት የእነሱ መባረር ነው ያለው ማን ነው? ጳውሎስ በሮሜ 11 «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?» ብሎ ይጠይቅና «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «በቅርንጫፎች ላይ አትመካ» ይላል። ለቀደሙት ካልራራ ለአንተም አይራራም ሲልም ያስጠነቅቃል። ጸሐፊው ይህን ምዕራፍ ጨርሶ አልነኩትም።

ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። በአገራችን ቤተ እስራኤል በሃይማኖታቸው ምክንያት የአባቶቻቸውን ርስት እንዳጡ፣ ታሪኩም እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስከ አፄ ይስሐቅ ዘመን እንደሚዘልቅ ይነገራል። ልጆቻቸው ዛሬ ይህን አማርኛ በእስራኤል አገር ያነቡታል። «ወራሾቹ እኛ ነን፤ እናንተ ተጥላችኋል» የሚለው ቃል እነሱ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። በምሳሌው ውስጥ «ርስቱን እናግኝ» ያሉት እኮ ገዳዮቹ ናቸው።

ወደ ባሪያዎቹ እንምጣ። ባሪያዎቹ ነቢያት ናቸው በሚለው ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ኤርምያስ ደጋግሞ «ባሪያዎቼን ነቢያትን ሁሉ ላክሁባችሁ» የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ይናገራል። የዮዳሄ ልጅ ዘካርያስ በንጉሥ ኢዮአስ ትእዛዝ በቤተ መቅደሱ አደባባይ በድንጋይ ተወግሮ ሞቷል። ኢሳይያስ በምናሴ ዘመን በመጋዝ ተሰነጠቀ የሚለውን ትውፊት የያዘው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በእኛው በግዕዝ ነው። የነቢያት ደም ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

ያልተስማማሁበት ቀጥሎ ያለው ዝላይ ነው። ነቢያት ባሪያዎች ናቸው፤ ዛሬ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነቢይ ነው፤ ስለዚህ እሱን የጠየቀ ገዳይ ነው። እስቲ በምሳሌው ውስጥ ማን ምን እንደያዘ እንይ። ባሪያዎቹ ምንም የላቸውም። ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ፤ ፍሬ የሚጠይቁት ለባለቤቱ ነው፤ ተደብድበው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። አጥሩን፣ ግንቡን፣ መጥመቂያውን፣ ቁልፉን የያዙት ገበሬዎቹ ናቸው። መድረኩ በማን እጅ ነው? የገንዘብ ሣጥኑስ? ማን ይናገር ማን ዝም ይበል የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ይህን የያዘ ሰው በምሳሌው ውስጥ ራሱን ሲፈልግ በመጀመሪያ ማየት ያለበት ገበሬዎቹ ወዳሉበት ነው። ባሪያው ደግሞ ሒሳቡ የት ገባ ብላ የጠየቀችው ምእመን ልትሆን ትችላለች። ክፉ ሥራ አይቶ ዝም ያላለው ዲያቆንም ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው «የቀባሁትን አትንኩ» የሚለውን ጥቅስ ጨምረዋል። ጥቅሱ በመዝሙር 104 ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 105። እዚያ የተቀቡት የሚባሉት ቁጥራቸው ጥቂት የነበረ፣ ከአገር ወደ አገር የሚንከራተቱ አባቶች ናቸው፤ አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለነገሥታት ነው። ኃይል ያለው ኃይል የሌለውን እንዳይነካ ነው የተባለው። ዳዊትም ሳኦልን አልገደለውም፤ እግዚአብሔር ቀብቶታልና። ግን ዝም አለው ወይ? አላለም። በሠራዊቱ ፊት ጮኾ ወቀሰው፤ «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ» አለው። ጳውሎስም በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል መጻሕፍት ከፍተው ሲመረምሩ ልበ ሰፊዎች ተባሉ እንጂ ገዳዮች አልተባሉም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ጸሐፊው «ሰው ካልናቀህ አልተላክህም» ብለዋል። ብዙ ሰው የተቀባበለውም ይቺን ዓረፍተ ነገር ነው። ጉዳት የምታመጣ አትመስልም፤ ለተጎዳ ሰው መጽናኛ ናት። በእርግጥም ለእውነት ብሎ የተገፋ ሰው አለ። ያ ሰው ምሳሌውን ሲያነብ ቢጽናና ተገቢ ነው፤ ጌታም በተራራው ስብከት ከእናንተ በፊት የነበሩትን ነቢያት እንዲሁ አሳደዋቸዋልና ደስ ይበላችሁ ብሏል። ይህን እቀበላለሁ። ግን ጌታ እዚያው ቦታ «በውሸት» የሚል ቃል ጨምሯል። ክፉውን በውሸት ሲናገሩባችሁ ነው ያለው። በእውነት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

መናቅ የመላክ ማስረጃ ከሆነ የሚከተሉትን ምን እናድርጋቸው? ዮናስ ነነዌ ገባ፤ ከተማዋ ከንጉሧ ጀምሮ ማቅ ለበሰች። ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ዳዊት «በድያለሁ» አለ። ሐጌ ሕዝቡን ስለ ቤተ መቅደሱ ገሠጸ፤ ሰምተው ሥራ ጀመሩ። ሦስቱም ተሰምተዋል። አልተላኩም ልንል ነው?

በተቃራኒው የቆላያን ልጅ አክዓብንና የመዕሤያን ልጅ ሴዴቅያስን እንመልከት። በኤርምያስ 29 ተጽፏል። በባቢሎን ምርኮኞች መካከል በእግዚአብሔር ስም ይተነብዩ ነበር። የባቢሎን ንጉሥ በእሳት ጠበሳቸው። ከዚህ በላይ ስደት አለ? ግን ኤርምያስ ሐሰተኞች ነበሩ ይላል። ከባልንጀሮቻቸው ሚስቶች ጋር ያመነዝሩ ነበር፤ ያልታዘዙትንም ይናገሩ ነበር። በእሳት መሞታቸው እውነተኛ አላደረጋቸውም።

ከሁሉ በላይ ግን ኤርምያስ 26ን ጸሐፊው ቀስ ብለው እንዲያነቡት እለምናለሁ። በዚያ አንድ ምዕራፍ ውስጥ አንድ ዓይነት መልእክት የያዙ ሦስት ነቢያት አሉ። መልእክቱ ኢየሩሳሌም ካልተመለሰች ትጠፋለች የሚል ነው። ሚክያስ ይህን ሲናገር ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰማው፤ እግዚአብሔርን ፈራ። ኡርያ ይህን ሲናገር ንጉሥ ኢዮአቄም ሊገድለው ፈለገ፤ ግብፅ ድረስ ሸሸ፤ ከዚያ አስመጥቶ በሰይፍ ገደለው። ኤርምያስ ይህን ሲናገር ለጥቂት ተረፈ። አንዱ ተሰማ፣ አንዱ ተረፈ፣ አንዱ ተገደለ። ሦስቱም እውነተኞች ናቸው። ስለዚህ መናቅ የሚናገረው ስለ ሰሚው ነው፤ ስለ መልእክተኛው አይደለም። መልእክተኛው የሚለካው ይዞት በመጣው ነው።

በዚያው ምዕራፍ ኤርምያስ ይሙት ብለው የከሰሱት እነማን ናቸው? ካህናቱና ነቢያቱ። የሃይማኖት ሰዎቹ። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ሕዝቡም አብሯቸው ይዞት ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ኋላ ግን አለቆቹና ሕዝቡ «ይህ ሰው ሞት አይገባውም» ብለው ለካህናቱ መለሱላቸው። ጳስኮር የተባለው ካህንም ኤርምያስን መትቶ በእግር ግንድ አስሮታል። በዘመኑ ሕዝብ የሚወደው ነቢይ ሐናንያ ነበር፤ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይስተካከላል» ይል ነበር። ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ በሕዝብ ፊት ሰበረው። ያንን ትዕይንት ዛሬ ብናየው ማንን ነው የምናጨበጭብለት?

የኢትዮጵያን ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሚፈልግ ሰውም ቦታ አለው። ኤርምያስን አለቆቹ ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ማንም አልተናገረም። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ንጉሡ ዘንድ ገብቶ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ክፉ ነው አለ። ባለሥልጣናቱን ከሰሰ ማለት ነው። ከዚያ አሮጌ ጨርቅና ገመድ ይዞ ሄዶ አወጣው። ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ጨርቁን ከሥር እንዲያደርግ ነገረው። «ተረፈ ባሮክ» በተባለው መጽሐፍ ለ66 ዓመት ተኝቶ በለሱ ትኩስ እንደሆነ የነቃው አቤሜሌክ ይኸው ነው። ወይን ወረሰ የሚል ታሪክ የለውም። የሚነገርለት ሰው ከጉድጓድ ማውጣቱ ነው።

ስለ አሥራቱ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ጌታ ራሱ መልሶታል። በዚያው ሳምንት፣ በማቴዎስ 23፣ ለእነዚያው ሰዎች ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙን እንኳ አሥራት እንደሚያወጡ ነግሯቸዋል። ፍሬው አሥራት ቢሆን ኖሮ እነሱ ዕዳ አልነበረባቸውም፤ ሒሳባቸው የተዘጋ ነበር። የጎደላቸው ምን እንደሆነም ተናግሯል፦ ፍርድ፣ ምሕረት፣ ታማኝነት። ኢሳይያስም ባለቤቱ የጠበቀው ፍሬ ፍርድና ጽድቅ እንደነበር በግልጽ ጽፏል። ማርቆስ 12ን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበበ ሰው ሌላም ያያል። ምዕራፉ በወይኑ ቦታ ምሳሌ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎች ይወቀሳሉ። ወዲያው አንዲት ድሃ መበለት ያላትን ሁለት ሳንቲም ሣጥን ውስጥ ስትጥል እናያለን። ፍሬ የከለከለችው እሷ ናት?

አገልጋይ ደመወዝ አይገባውም እያልኩ አይደለም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 «ወይን ተክሎ ፍሬውን የማይበላ ማን ነው?» ብሏል፤ የወይኑን ሥዕል ለአገልጋይ መተዳደሪያ ተጠቅሞበታል። ጸሐፊው ይህን ቢጠቅሱ ጠንካራ ነጥብ ይሆንላቸው ነበር። ግን ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ በዚህ መብት አልተጠቀምኩም ይላል። በዚህኛው ምሳሌ ደግሞ ባሪያዎቹ ፍሬውን የሚቀበሉት ለላካቸው ነው። ጭሰኛና ባላባት የነበረበትን ዘመን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን ልዩነት ቶሎ ይረዳል፤ ለባለመሬቱ የተሰፈረው እህል መንገድ ላይ ሲቀር መልእክተኛው ራሱ ተጠያቂ ነው።

የመጨረሻው የእሳቱ ነገር ነው። ፍርድ በምሳሌው ውስጥ አለ፤ አልሸፋፍነውም። ብዙዎች እ.ኤ.አ. በ70 በኢየሩሳሌም ላይ ከደረሰው ጥፋት ጋር ያያይዙታል። ግን ፍርዱን ማን ነው የሚፈጽመው? ባለቤቱ። ከተደበደቡት ባሪያዎች አንድ እንኳ የተራገመ፣ አንድ እንኳ ድንጋይ ያነሳ አልተጻፈም። በማቴዎስ ደግሞ ገበሬዎቹ ይጥፉ የሚለውን ቃል የተናገሩት ሰሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በራሳቸው ላይ እየፈረዱ መሆናቸውን ሳያውቁ። ያዕቆብና ዮሐንስ ባልተቀበለቻቸው የሳምራውያን መንደር ላይ እሳት ይውረድ ሲሉ ጌታ ገሠጻቸው። ዘካርያስ ሲሞት «እግዚአብሔር ይየው፤ ይፈልገውም» ማለቱን አውቃለሁ። ጸሐፊው ይህን ሊያነሱብኝ ይችላሉ። ከልጁ ከክርስቶስ ሞት በኋላ ግን እስጢፋኖስ መጣ። እሱም ስለ ተሰደዱት ነቢያት ለሸንጎው በድፍረት ተናገረ። ድንጋይ ሲዘንብበት ያለው ግን «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ነው።

ጸሐፊው ቸኩለው ወደ እሳቱ ሲሄዱ የምሳሌውን ትልቅ ክፍል ዘለሉት። የገበሬዎቹ እምቢታ ለሰሚዎቹ እንግዳ አልነበረም። በግብፅ በተገኙ የፓፒረስ ጽሑፎች ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ258 ገደማ የሆነ ደብዳቤ አለ። ዜኖን የተባለ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ወኪል በፍልስጥኤም ምድር ያለን ዕዳ ለማስመለስ ሰው ልኮ ነበር። ባለዕዳው ለተላከው ደብዳቤ ደንታ አልሰጠም፤ መልእክተኞቹን ደብድቦ ከመንደር አባረራቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይደረግ ነበር። ሰሚዎቹን የሚያስደነግጠው ባለቤቱ ነው። አንዱ ተደብድቦ ሲመለስ ወታደር አይልክም። ሌላ ባሪያ ይልካል። ያም ሲገደል ሌላ ይልካል። ማርቆስ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል፤ ከዚያም «ሌሎችንም ብዙዎች» ይላል። እንዲህ ያለ ባለርስት የትም የለም። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ «ልጄንስ ያፍሩታል» ይላል። ነፍሰ ገዳዮች መሆናቸውን እያወቀ አሁንም እንደሚያፍሩ ተስፋ ያደርጋል። ምሳሌውን ለሚያነብ ሰው እዚህ ጋር ልብ የሚሰበርበት ነው። ሉቃስ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በምዕራፍ 19፣ ጌታ ከተማይቱን አይቶ እንዳለቀሰላት ጽፏል። ምሳሌውን የተናገረው ያ ያለቀሰው ሰው ነው። በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ግን ይህ ትዕግሥት አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ ሁለተኛ ክፍል እንደሚያወጡ ቃል ገብተዋል። እጠብቃለሁ፤ አነበዋለሁም። ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ማቴዎስ 21፥45 በመጀመሪያው ክፍል ለምን እንደተዘለለ ያስረዱን። ከዚያም አንድ ምእመን ለአገልጋዩ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ የባለቤቱን ፍሬ የሚጠይቅ ባሪያ ይሁን ወይም የሚደበድብ ገበሬ፣ በምን እንደምንለየው ከምሳሌው ውስጥ ያሳዩን።